የእትዬ ጠጄን ስንቅ ይዤ ወደ ታች ጋይንት

የማኅበራችን ሴቶች «ያን መንገድ ንገሪን» እያላችሁ ስትጨቀጭቁኝ ኖራችኋል። ላወራው ስጀምር እንባ ስለሚቀድመኝ ጻፍኩት። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ ከማጭድና ከእንዝርት ሌላ ብዙም አልያዘም። ጽሑፌ ቢንጋደድ እለፉኝ። ከእናንተ ከመካነ ኢየሱስ ገበያ ወዲያ የተሻገረች ጥቂት ናት። እኔም እስከዚያ ኅዳር ድረስ አልተሻገርኩም ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት አልፎ ነበር። ባሌ ዘምቶ ቀርቷል። የእሱን ሞት የሰማሁት ገበያ ላይ ጌሾ ዘርግቼ ሳለ ነው፤ አንድ የማላውቀው ሰው ቆም ብሎ «የእሱ ሚስት አይደለሽም? ነፍሱን ይማር» አለኝና አለፈ። ጌሾው ላይ ወደቅኩ። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ያደረግነውን ለምን እንዳደረግን እንድታውቁ ነው።

አንድ ልጄ ደሳለኝ፣ ከጎረቤቴ ከእትዬ ጠጄ ልጅ ከአንለይ ጋር ቅኔ ሊማሩ ታች ጋይንት ከወረዱ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። እትዬ ጠጄም እንደኔ መበለት ናት፤ አንለይም አንድ ልጇ ነው።

ሰኞ

ከሰፈራችን ጨው እየጫነ ወደ ጋይንት የሚመላለስ ነጋዴ አለ። በዚያ ጠዋት እሱና የባሌ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ አውድማው ዳር ቆመው ሲንሾካሾኩ አየኋቸው። ነጋዴው እኔን ሲያይ አህዮቹን ነድቶ ሄደ። አያ ታከለ መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ደሳለኝን ትንሽ አሞታል አሉ» አሉኝ።

እናንተ ታውቁታላችሁ። በእኛ አገር የሞተ ሰው መጀመሪያ «ይታመማል»። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ፣ «ትንሽ አሞታል» ይባላል።

«ምኑን ነው ያመመው?»

«ተስቦ ገብቷል አሉ፣ ተማሪ ቤቱ።»

«ታዲያ አንቱ ለምን ዓይኔን አያዩኝም?»

«ጭሱ ነው» አሉ። በቤቱ እሳት አልነበረም።

እኛ ሄደን እናምጣልሽ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ማታ እትዬ ጠጄ አንዲት ትንሽ ስልቻ በሶ ተሸክማ መጣች። ገብሱን በዚያው ቀን ቆልታ፣ ፈጭታ፣ ጨውና በርበሬ ጨምራበት ነው፤ ዱቄቱ ቅንድቧ ላይ ነበር።

«አይዞሽ» አለችኝ። «ሁለት ናቸው። አንዱ ቢታመም አንዱ ያስታምመዋል። የኔ ልጅ ወንድሙ ታሞ እያየ እሱ ተኝቶ አያድርም።» ስልቻውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ለአንለይ ነው። ግን መጀመሪያ ለታመመው በጥብጠሽ አጠጪው። የኔ ደህና ነው፤ ለእሱ ቢዘገይም ግድ የለም።»

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ እኔና አያ ታከለ ወጣን። ስልቻውን እኔ አዝዬው ነበር። እስቴን እያለፍን ሳለ አገሩ ሁሉ አጨዳ ላይ ነው። የእኛ ገብስ ወገብ ይደርሳል፤ ወደ ስማዳ እየቀረብን ስንሄድ ግን እያጠረ፣ መሬቱም ድንጋይ እየበዛበት መጣ። አያ ታከለ በየእርሻው ጥግ ቆመው ዛላውን ያሻሉ።

«ይህን ብለው ዘሩት» ይላሉ። «እኛ ዘንድ ይኼ የዶሮ ቀለብ ነው።»

ቀትር ላይ የኮንጎ ጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰ። አንዲት ግራር ሥር ተቀምጠው በልጥ ሲያስሩልኝ፣ እጃቸው ሥራ ይዞ ሳለ ጠየቅኳቸው።

«አያ፣ ይንገሩኝ። ባላውቀው እግሬ አይሄድም።»

ልጡን ሁለት ጊዜ ፈትተው አሰሩት። ከዚያ ነገሩኝ። ነጋዴው በመንገዱ ሲያልፍ ተማሪዎች አስከሬን ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አይቷል። ፊቱ ተሸፍኗል። የማን ነው ቢል «የእስቴ ልጅ ነው» ብለውታል። የተገነዘበት ጋቢ ግን ዳሩ ቀይ ጥለት ነው። ያን ጋቢ ፈትዬ፣ አሠርቼ፣ ዓምና ለደሳለኝ ብዬ የላክሁት በዚያው ነጋዴ እጅ ነበር። ተስቦውን ፈርቶ ሌላ ሳይጠይቅ አህዮቹን ነድቶ መጣ።

«ፊቱን አላየም እኮ» አልኩ።

«አላየም» አሉ አያ ታከለ።

ከዚያ በኋላ መንገዱን አላስታውሰውም። አቡነ ዘበሰማያት ልል እጀምርና ፈቃድህ ይሁን የሚለው ቦታ ስደርስ አፌ ይያዛል። ዘልዬው አልፋለሁ። በእሱ ፈንታ «የኔን ተውልኝ፣ ሌላ ውሰድ» እል ነበር። ያልኩትን እንዳለ እነግራችኋለሁ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሲመሽ የስማዳ ዳርቻ ላይ ካለች አንዲት ቤት ደጅ ቆመን «የመሸብን ነን» አልን። የቤቱ እመቤት ማን ናችሁ ሳትል አስገባችን። ውሃ አሙቃ እግራችንን አጠበችን፤ የተላጠውን ተረከዜን ስታይ ቀስ ብላ በጨው ውሃ ዳበሰችው። እራቱ የገብስ እንጀራ በባቄላ ወጥ ነበር። እኛ ቤት የገብስ እንጀራ ለእንግዳ አይቀርብም፤ የእሷ ግን ከጤፍ ይለሰልሳል። አያ ታከለ ስለ ስማዳ ገብስ ያሉትን ሁሉ ረስተው ጎረሱት። እኔ ቁራሹን ይዤ ቀረሁ። እሷም ያኔ ገና ጉዳያችንን ጠየቀችና ነገርናት።

አይዞሽ አላለችኝም። ተሻግራ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ልጅሽ ካለ ጉልበት ያስፈልግሻል» አለች። «ከሌለም ጉልበት ያስፈልግሻል። ብዪ።»

በላሁ።

ረቡዕ

የስማዳን ከተማ ወገዳን በጠዋት አልፈን ወደ ቆላው ወረድን። ሰው እንዲህ ያለ ገደል አፋፍ ላይ ቤት ሠርቶ ይተኛል? ልጆቻቸው እንዴት እንዳይወድቁ እንደሚያደርጉ እንጃ። እኛ ዘንድ ሜዳ ላይ ከብት ሲጠፋ እናለቅሳለን፤ እዚያ ፍየል ከቁልቁለቱ ላይ ቆማ ታያችኋለች።

ከታች ወንዙ ገና ከክረምት አልጎደለም። አያ ታከለ «እኔ ነኝ የምሸከመው» ብለው ስልቻውን ከጀርባዬ ወሰዱት። መሀል ሲደርሱ ድንጋይ አንሸራተታቸውና እስከ አንገታቸው ገቡ። ስልቻውን ግን በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ አንሥተው ነው የወደቁት። አንድ አህያ የሚነዳ ሰው ከዳር ሆኖ ያያል።

«አባቴ፣ ጥምቀት ገና ነው» አላቸው።

«በሶው ደረቅ ነው ወይ? እሱን ንገረኝ» አሉት አያ ታከለ ውሃ እየተፉ።

ሰውየው ገብቶ ጎተታቸው። የራሱን ደረቅ ኩታ አልብሷቸው ወደ መንደሩ ይዞን ሄደ። በአውድማው ገለባ ላይ ከወቂዎች ጋር አደርን። ጠዋት ኩታውን ሊመልሱ ሲሉ «ዳገቱ ላይ ይበርዳል፤ ለዓርብ ገበያ ስመጣ እቀበልዎታለሁ» አለ። የማያውቃቸውን ሰው። እኛ አገር ኩታ እንዲህ በቀላሉ አይሰጥም፤ እውነቱን ልናገር።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ዳገት ነው። ከዳገቱ ሌላ የምነግራችሁ የለኝም። ማታ የታች ጋይንት ከተማ አርብ ገበያ ገብተን ጠላ ቤት ጥግ ተኛን።

ዓርብ

ሲነጋ ከተማው በሰው ሞላ። ገበሬው ከየገደሉ ይወጣል፤ አንዱ በአህያ፣ አንዱ በሸክም። በየመሀሉ የቅኔ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ የሰሌን አኩፋዳቸውን አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ይለምናሉ። አንዱን ከኋላው ባየሁ ቁጥር ሄጄ ፊቱን አየዋለሁ። አንዱ ደንግጦ «እናቴ፣ ምን ወሰድኩ?» አለኝ።

አያ ታከለ ኩታውን ሊመልሱ ሰውየውን ሲፈልጉ እኔ መታገሥ አቃተኝ። መንገዱን ጠይቄ፣ ስልቻውን አዝዬ ብቻዬን ወደ ቅኔ ቤቱ ወረድኩ። ከገደል ሥር ያለች የማርያም ቤተ ክርስቲያን ናት። የተማሪዎቹ ጎጆዎች አጥሩን ተጠግተው ተደርድረዋል፤ ከእኛ የጥጃ ቤት ያንሳሉ። ገበያ ስለሆነ ሁሉም ለልመና ወጥተዋል። ግቢውን የሚጠርጉ አንዲት እማሆይ ብቻ ነበሩ።

«እማሆይ፣ ከእስቴ የመጣ ተማሪ...» ብዬ ሳልጨርስ መጥረጊያቸውን ከአጥሩ አስደገፉ።

«እናቱ ነሽ?» አሉኝ።

«ነኝ።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። በእጃቸው ከወይራው ሥር ያለ አዲስ አፈር አሳዩኝ። «የእስቴው ልጅ እዚያ ነው። ቅዱስ ቦታ ነው ያረፈው» አሉ።

ድንጋዩ ገና አልተስተካከለም። ተደፋሁበት። ምን ምን እንዳልኩ አላውቅም። ስሙን ጠርቼ እንዳለቀስኩ አውቃለሁ። ፀሐይ ከወይራው አናት ወደ ጎኑ ስትዞር አንድ ሰው ከኋላዬ ቆመ።

«እማ» አለ። «አንለይ መሞቱን ማን ነገራችሁ?»

ዞርኩ። ደሳለኝ ነው። ከስቷል፤ ጠጉሩ ተላጭቷል፤ ደበሎ ብቻ ለብሷል። እኔ ለአንለይ ላለቅስ የመጣሁ መስሎታል።

እግሩን ያዝኩ። ሕይወት ያለው ሰው እግር ይሞቃል፤ እንዲያ መሆኑን ረስቼው ነበር። እሱ ሊያነሣኝ ይጎትታል፣ እኔ አልለቅም። ከዚያ እጄ ስልቻውን ነካ። ለአንለይ ነው፣ የኔ ደህና ነው ያለችኝ የእትዬ ጠጄ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። ደስታዬ እዚያው ቆመ፤ እግሩን ለቀቅኩ።

መጀመሪያ ተስቦው የያዘው ደሳለኝን ነበር። አንለይ ለሁለት እየለመነ፣ ሌሊት ግንባሩን በውሃ እያራሰ አስታመመው። ደሳለኝ ሲነሣ አንለይ ተኛ። አልተነሣም። መገነዣ አልነበረም። ደሳለኝ ከጎጆው ጋቢውን አወጣ።

«እናቴ በክሯ የሠራችውን እንዴት ለአፈር እሰጣለሁ አላልክም?» ብዬ ብጠይቀው «ከእሱ በላይ ለማን ላስቀምጠው ነበር?» አለኝ።

ቅዳሜ

መምህራቸው የኔታ ጠሩኝ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን አልሳቁም። በተስቦው ጊዜ በሽተኞቹን ራሳቸው ሲያገላብጡ ነበር አሉኝ ተማሪዎቹ። መሬት ላይ ተቀምጬ ከመንገድ ጀምሮ ውስጤን የበላኝን ጠየቅኳቸው።

«የኔታ፣ ስመጣ የኔን ተውልኝ፣ ሌላ ውሰድ እያልኩ ነበር። ጸሎቴ ይሆን እንዴ የእሷን ልጅ የወሰደው?»

«መቼ ነው እንዲያ ያልሽው?»

«ማክሰኞ፣ መንገድ ላይ።»

«አንለይ ያኔ ከተቀበረ ሰንብቷል» አሉኝ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ገበያ አልወጣም። አንዱን ሰጥቶ አንዱን አይለውጥም። አንቺ ፈርተሽ ጮኽሽ፤ እሱ ደግሞ የፈራ ሰው ጩኸት ያውቃል። በመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን አይቷታል።»

«ታዲያ ለእሷ ምን ብዬ ልንገራት? የኔን በሕይወት ይዤ?»

«ብዙ ተማሪ ቀብሬአለሁ፤ ለእናት የሚሆን ቃል ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ሂጂና አጠገቧ ቁጭ በዪ። ልጁም ይሂድ። የቀበረው እሱ ነው።»

ፍትሐቱ ከተደገመ በኋላ ስልቻውን ከመቃብሩ አጠገብ ፈታሁ። ተማሪዎቹ ሁሉ መጡ። በቅል አድርጌ ለውሼ፣ ለእያንዳንዳቸው በመዳፋቸው ሰጠኋቸው። «ነፍስ ይማር» እያሉ ይቀበላሉ። ርቧቸዋል፤ ጣታቸውን ይልሳሉ። አያ ታከለ ከሁሉም ኋላ እጃቸውን ዘረጉ። ያን በሶ ከውሃ ያተረፉት እሳቸው ነበሩና ሰጠኋቸው። ስልቻው ባዶ ሆነ፤ አጥፌ ጉያዬ ከተትኩት።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ወጥተን ወደ ንፋስ መውጫ ሄድን። በሕይወቴ መኪና ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ጆንያው ላይ ተቀምጠን እያንዳንዱ ጉድጓድ ያነሣናል። ንፋስ መውጫ ስሟን አታሳፍርም፤ ነፋሱ ነጠላዬን ከራሴ ገፎ ሊወስደው ነበር። ደሳለኝ በደበሎው ውስጥ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ነጠላዬን ብሰጠው እምቢ አለ።

ያደርንበት ቤት ባለቤት «አልጋ አለኝ» አለችን፤ ሽቦ ያለው አልጋ። አያ ታከለ ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ተነሡ። «ይኼ የሚያስተኛ ሳይሆን የሚያዘልል ነው» ብለው መሬት ላይ ተኙ። ሴትዮዋ ስቃ ደሳለኝን አየችና ሳትጠየቅ ብርድ ልብስ አመጣችለት። ተስቦ ከነበረበት መምጣቱን ብነግራትም አልመለሰችውም። «ሲነጋ በፈላ ውሃ እቀቅለዋለሁ» አለች።

ሰኞ

በአውቶቡስ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ መካነ ኢየሱስ ገባን። አገሬ ነው፤ ገብሱ ገብስ ነው፣ ሜዳው ሜዳ ነው። ግን መንገድ ላይ ሰው ባየሁ ቁጥር ነጠላዬን ወደ ፊቴ እስባለሁ። እትዬ ጠጄ ከሰው እንድትሰማ አልፈለግኩም። ወደ ሰፈራችን ሳንገባ ከማዶ ካለው የአያ ታከለ ልጅ ቤት አደርን። እሳቸው ሄደው ለንስሐ አባቷና ለዘመዶቿ በጆሯቸው ነገሩ።

ማክሰኞ

ሰማዩ ገና ሳይቀላ ከደጇ ደረስን። ቄሱ፣ አያ ታከለ፣ ሁለት አክስቶቿ፣ እኔ፣ ከኋላዬ ደሳለኝ። ማንኳኳት የኔ ነበር። እጄ አልታዘዝ አለኝ። አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ፤ ያ ቦታ ላይ ስደርስ በዚህ ጊዜ አልዘለልኩትም። ፈቃድህ ይሁን አልኩ። ፍርሃቱ አልሄደም። እጄ ግን ተነሣ።

እትዬ ጠጄ በሩን ከፈተች። መጀመሪያ ያየችው ደሳለኝን ነው። ፊቷ በራ።

«ዳንክልኝ?» አለችው። አገጩን ይዛ ሳመችው። ከዚያ ከትከሻው በላይ ወደ ኋላው አየች። ቄሱን አየች። እኛን አንድ በአንድ አየች። እንደገና ወደ ኋላው፣ ወደ መንገዱ አየች። እዚያ ማንም አልነበረም።

እጇን ያዝኩ። የኔታ እንዳሉት አጠገቧ ቁጭ አልኩ፤ ያን ቀንና ከዚያም በኋላ አልተነሣሁም። ደሳለኝ ወደ ጥግ ሄዶ ፊቱን ሸፍኖ ተቀመጠ። ዘመዶቿ ስለ እሱ እንዳያጉረመርሙ ፈርቼ ነበር። ማንም አላጉረመረመም።

በሠልስቱ ማለዳ ጩኸቱ በርዶ ሳለ ወደኔ ዞረች። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«በሶውን ሰጠሽው?» አለችኝ።

ስልቻውን ከጉያዬ አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት።

«አልደረስኩበትም። የቀበሩት ልጆች በሉት። መቃብሩ ላይ።»

ስልቻውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። «ጨው አልበዛበትም?»

«ጣታቸውን ሲልሱ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። እንጀራ አቀረብኩላት፤ ገፋችው። እዚያ ስማዳ ዳርቻ እግሬን ያጠበችኝ ሴት ትዝ አለችኝ።

«ጉልበት ያስፈልግሻል፤ ብዪ» አልኳት። አንድ ጉርሻ አጎረስኳት። ብዙ ቆይታ ዋጠችው።

ለፋሲካ ቤቴ መጣች። በጋውን ሙሉ የፈተለችውን ጥጥ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው ጋቢ በእጇ ነበር፤ ዳሩ ቀይ ጥለት ነው። ደሳለኝን ጠርታ ራሷ አለበሰችው። ትከሻው ላይ አስተካከለችና ጫፉን ሳበች።

«ልጄን አልብሶ በብርድ ከረመ» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለሥላሴ የምትናገር ይመስል። ከዚያ ተቀመጠችና ከፋሲካው እንጀራ በላች።